ስሟ የተጻፈበት ኮሰረት

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው፣ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ልገዛ አትላንታ አጠገብ ታከር ወዳለው የችግኝ መሸጫ፣ ነርሰሪ፣ ሄድኩ። ከዚያ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። የጥዱ ብናኝ መኪናውንም መንገዱንም ቢጫ ያደረገበት፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን እያሸ የሚያስነጥስበት ሰሞን ነበር። ጋሪዬን እየገፋሁ የቅመም ችግኞች በተደረደሩበት ረጅም ጠረጴዛ አጠገብ ሳልፍ ክንዴ አንዱን ተክል ነካው። ሽታው ተከተለኝ። ሦስት እርምጃ ካለፍኩ በኋላ ቆምኩና ክንዴን አሸተትኩ። ኮሰረት ነው። በባዚልና በሮዝሜሪ መካከል፣ ፈረንጅ ሱቅ ውስጥ፣ ኮሰረት። ተመልሼ መነጽሬን አደረግኩና ጣሳው ላይ የተሰካችውን ነጭ የፕላስቲክ ምልክት አነበብኩ። በእንግሊዝኛ፣ በሚያምር ጽሕፈት፣ «የአስካለ ኮሰረት» ይላል። አሥራ ሁለት ዶላር። ሃያ ጣሳ ያህል ነበር፤ በሃያውም ላይ ስሟ አለ።

እኔ ጉዳዬን አደባባይ የማወጣ ሰው አይደለሁም። የሚያውቁኝ ዝምተኛ ይሉኛል፤ ዝምተኛ ሳልሆን የምናገረውን የምመርጥ ነኝ። ስለዚያ ተክል ግን በዚህ ከተማ ብዙ ተወርቷል፤ ያወሩትም ሌሎች ናቸው። አሁን እኔ ልናገር። ቅናት ነው የሚለኝ ካለም፣ አዎ ቅናት ነው። በዚያ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ምልክቷን ደጋግሜ ያነበብኩት ዓይኔ ደክሞ አልነበረም።

ከአስካለ ጋር የተዋወቅነው ስቶን ማውንቴን በሚባለው ሰፈር፣ ዛሬ ፈርሶ መጋዘን በተሠራበት ቦታ ላይ በነበረ የቀይ ጡብ አፓርታማ ውስጥ ነው። ሁለታችንም በዲቪ የመጣን፣ ሁለታችንም ብቻችንን። እኔ ከደሴ፣ እሷ ከአዲስ አበባ። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነበርኩ፣ እሷ ደግሞ ልክ ከእኔ ሥር። በረንዳዬ ላይ ቆሜ ቁልቁል ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የእሷ ደጅ ነበር፤ እሱ ይመስለኛል ያበላሸኝ። አስካለ መኪና ነበራት። አሮጌ፣ ነጭ፣ የአንዱ በር መስተዋት በቴፕ የተያዘ፣ ግን መኪና። እኔ አልጋ ወደማነጥፍበት ሆቴል በአውቶቡስና በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል እሄዳለሁ። እሷ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ተቀምጣ ነው የምትሠራው። እኔ ግራጫ ዩኒፎርሜን ከነሽርጡ ለብሼ ስገባ እሷ ቀይ ካፖርቷን ለብሳ ትወጣለች። ያ ካፖርት ትልልቅ ጥቁር ቁልፎች ነበሩት፤ አሮጌ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ በአራት ዶላር ነው የተገዛው። ቀድሜ ያየሁት እኔ ነበርኩ። እጅጌው ረዘመብኝ ብዬ መልሼ ስሰቅለው እሷ አወረደችው። እሷ ላይ እጅጌው ልክ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት እሷ በመኪናዋ ነርሰሪ ትወስደኛለች። የመኪናው ካሴት ማጫወቻ ውስጥ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ ቀርቶ ስለነበር ሁልጊዜ የምንሰማው ያንኑ ዘፈን ነው፤ አንዲት ሴት ጥሎኝ ሄደ እያለች ታለቅሳለች፣ አስካለ መሪውን በጣቷ እየመታች አብራት ትዘፍናለች። ድምፅዋም ጥሩ ነበር። ዛሬ ያ ነርሰሪ ምንጣፍ የመሰለ ሣር፣ የሚወርድ ፏፏቴ፣ ቡና የሚሸጥበት ጥግ ሁሉ አለው። ያኔ ሁለት የላስቲክ ቤትና አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ነበር። ባለቤቷ ሚስ ሩት ጎልማሳ ነበረች፤ የወንድ ቦት ጫማ ታደርጋለች፣ እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ትሰካለች፣ ሚያዝያ ውስጥ ያለው የታክስ ቀን ሳያልፍ ቲማቲም መሬት የሚያስነካ ሰው እብድ ነው ትላለች። ስድስት የቲማቲም ችግኝ በዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም። የተንዠረገገ አበባ በሦስት ዶላር። ከላስቲክ ቤቱ በስተኋላ ደግሞ የደከሙ ተክሎች ጠረጴዛ ነበር፤ ቅጠሉ የረገፈ፣ ግንዱ የተሰበረ፣ ውርጭ የመታው፣ የፈለጉትን አንስተው አንድ ዶላር። እኔ ከፊት ካበበው እገዛለሁ። አስካለ አንድ ቀን እንኳ ከፊት ገዝታ አታውቅም፤ በቀጥታ ወደ ኋላ ነው የምትሄደው። የእኔ አበባ በሁለት ሳምንት ይረግፋል፤ እሷ ሬሳ ገዝታ በሁለት ወር ያብብላታል። ሚስ ሩት ገና ስታያት «አስካሊ» እያለች ትጣራለች። የእኔን ስም አንድም ቀን አልያዘችውም። «ጓደኛዋ» ነበርኩ።

ስለ ሰኔው ነገርም እዚሁ ላስተካክል። በመጀመሪያው ዓመት፣ ችግኝ በሰኔ ነው የሚተከለው ብለን፣ ሁለታችንም፣ ደግሜ እላለሁ ሁለታችንም፣ ሰኔ እስኪገባ ጠበቅን። ሚስ ሩት ምን ቆያችሁ ብትለን ዝናቡን ነው አልናት። ሰኔ ገባ። የነርሰሪው ጠረጴዛ ባዶ ሆኖ ጠበቀን። የተረፈውን ለቃቅመን ከአፓርታማው ጀርባ ባለው፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ በሚጠነክረው ቀይ አፈር ላይ ተከልን፤ ፀሐዩ በሦስት ቀን ጠብሶ ጨረሰው። ታሪኩ ይኸው ነው። አስካለ ግን በየድግሱ ስትተርከው፣ ወርቄ፣ እኔን ማለቷ ነው፣ በሰኔ ተክላ እጇን አጣጥፋ ዝናብ ትጠብቅ ነበር ትላለች። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። እሷ ከዚያ ታሪክ ውስጥ መቼ ሹልክ ብላ እንደወጣች አላውቅም።

ኮሰረቱ የመጣው በሦስተኛው ዓመት ነው። የመጣው ለእኔ ነው። እንዴት እዚህ አገር እንደገባ ዛሬም አልናገርም፤ ያመጣልኝ ሰው በሕይወት አለ። ጣት የምታህል ግንድ ነበረች፣ ሁለት የጠወለገ ቅጠል ያላት። ከሆቴሉ ወጥ ቤት የኮመጠጠ ኪያር የመጣበት ሰማያዊ ባልዲ ለመንኩ፤ ጎኑ ላይ በጥቁር ቀለም ሰባት ቁጥር የተጻፈበት። ቢላ አግዬ ሥሩን በሳሳሁት፣ አፈር ሞላሁበት፣ በዚያ አፓርታማ ውስጥ ፀሐይ የሚገባበት ብቸኛ መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ጸደቀልኝ። እኔ የተከልኩት ነገር ሲጸድቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። በዓመቱ ወገቤ ደረሰ። ቅቤ የሚያነጥሩ ሴቶች ሰምተው ይደውሉ ጀመር፤ ከዲኬተር፣ ከታከር፣ ከማላውቀው ሰፈር ሁሉ። ደረጃውን ወጥተው በሬን ያንኳኳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ። እስከዚያ ድረስ እንግዳ ሁሉ ወደ እሷ ነበር የሚሄደው፤ እኔ ሳቃቸውን በወለሉ በኩል እሰማለሁ። ለሴቶቹ ቅጠል እሰጣለሁ እንጂ ቅርንጫፍ አልሰጥም። ቅጠል የወሰደች ሴት ለሚቀጥለው በዓል ተመልሳ ትመጣለች፤ ቅርንጫፍ የወሰደች ምን ብላ ትመጣለች?

አስካለ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። «ወርቄ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ስጪኝና እኔም ልሞክራት» አለችኝ። ሦስቱንም ጊዜ «ገና ነው፣ አልጠናም» አልኳት። ጠንቶ ነበር። እንዲያውም ባልዲው ጠቦት ነበር። ግን መኪናው የእሷ፣ ካፖርቱ የእሷ፣ ሚስ ሩት የእሷ፤ እሷ የሌላት፣ እኔ ያለኝ አንድ ነገር ያ ባልዲ ብቻ ነበር። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ዓይኔን ትንሽ አየችኝና «ይሁን፣ ሲጠና ትነግሪኛለሽ» ብላ ወረደች። ደግማም አልጠየቀችኝም።

አንድ ጥር፣ በአትላንታ አንዳንዴ እንደሚሆነው፣ በክረምቱ መሐል ቀኑ ሞቀ። ሰው በሸሚዝ ወጣ። እኔም ኮሰረቱ ፀሐይ ያግኝ ብዬ ባልዲውን ወደ በረንዳ አወጣሁትና ሥራ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ግራጫ ሆነ፣ ዝናቡ ሲወርድ እየረጋ መንገዱን መስተዋት አደረገው። አውቶቡስ ቆመ። ሆቴሉ የመጣ ሠራተኛ አይወጣም፣ የሚመጣም የለም አለና ሦስት ቀን እዚያው አደርን፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ለአራት እየተኛን፣ የቀሩትን ሰዎች ሥራ ደርበን እየሠራን። በሦስቱም ቀን ከኮሰረቱ ሌላ ስለ ምንም አላሰብኩም። በአራተኛው ቀን ቤቴ ስደርስ ተክሉ ከሥሩ እስከ ጫፉ ጠቁሯል። ቅጠሉ ስነካው እንደ ረጠበ ወረቀት እጄ ላይ ቀረ። አላለቀስኩም። ሰው እንዳያየኝ ጠብቄ ባልዲውን እንዳለ ወደ ግቢው ቆሻሻ መጣያ ወስጄ ጣልኩት።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ አንዲት የምናውቃት ሴት ልጇን ክርስትና አስነሳች። አስካለ ሥራ ላይ ስለነበረች አልመጣችም። ሴቶቹ ከበቡኝና ለበዓሉ ስንደውልልሽ አላነሳሽም፣ ኮሰረትሽ እንዴት ነው አሉኝ። በረንዳ ላይ ረስቼው ውርጭ ገደለው ማለት ነበረብኝ። ግን የአስካለ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ በሰኔ ዝናብ የጠበቀችው ሴት በጥር ኮሰረቷን ፀሐይ ልታሞቅ አወጣችው ብላ ስትተርክ፣ ሰውም ሲስቅ። ስለዚህ «አስካለን ጠይቋት፤ እኔ በሌለሁበት ቆራርጣ ወስዳ አደረቀችብኝ» አልኳቸው። ለምን አልኩት? ቀላል ነበር፤ ያመነኝ ሰው ብዛት ደግሞ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ አስካለ ሰላምታዋን ቀነሰች። እኔም ቀነስኩ። ቅዳሜ መኪናዋን አስነስታ ብቻዋን ስትሄድ ከበረንዳዬ አያታለሁ፤ ያ የካሴቱ ዘፈን እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ይሰማኛል። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ቁልቁል ሳይ፣ ደጇ ላይ፣ ቆንጆ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ኮሰረት ቆሟል። በዚያች ደቂቃ ውሸቴ እውነት ሆነልኝ። ለካ እውነትም ቆርጣብኛለች አልኩ፤ አንድ ቀን በሬ ክፍት ሲሆን ገብታ ቅርንጫፌን ሰርቃኛለች። ለካ እኔ ያላወቅሁትን አውቄ ነው የተናገርኩት አልኩ። እንዲህ ዓይነት እፎይታ አግኝቼ አላውቅም። ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ እፎይታ ኖርኩ።

እሷ ለጠየቃት ሁሉ ቅርንጫፍ ሰጠች። አግብታ ታከር ውስጥ ትልቅ ጓሮ ያለው ቤት ስትገዛ የኮሰረቱ አጥር የሚባል ነገር እንዳበጀች ሰማሁ። በዚህ ከተማ በየኢትዮጵያዊው ጓሮ ያለው ኮሰረት ሁሉ የአስካለ ነው ተባለ። ልጅ የወለደች፣ ቤት የገዛች፣ ከሌላ ስቴት የመጣች ሁሉ ከእሷ ቅርንጫፍ ይዛ ትሄዳለች፤ እኔም ሰው ቤት ተጋብዤ «ይሄ የአስካለ ኮሰረት ነው፣ ልቁረጥልሽ?» ሲሉኝ፣ ሽታው ራሴን ያሳምመኛል እላለሁ። በኋላ እኔም ትንሽ ቤት ገዛሁ፣ መንዳትም ተማርኩ። ኮሰረት ስፈልግ ግን በላስቲክ የታሸገውን ደረቁን ከሱቅ እገዛለሁ። ሣር ሣር ይላል።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት በዚያ ጠረጴዛ ፊት ስቆም ይህ ሁሉ አብሮኝ ቆሟል። አንዷን ምልክት ከጣሳው ነቀልኳት። ምን ላደርጋት እንደነበር አላውቅም። ቦርሳዬን ስከፍት ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ወርቄ፣ እሱን ከነቀልሽው ዋጋውን አያውቁትም።»

ዞር አልኩ። ከዘራ ይዛለች። ጸጉሯ ሳስቷል፣ ግን ሹራቧ ቀይ ነው። አጠገቧ ለሱቁ ያመጡትን የኮሰረት ጣሳ የጫነ ጋሪ የምትገፋ ወጣት ሴት አለች፣ ቤቲ የምትባለው ልጇ መሆኗን ከአገጯ አወቅኩ። ለጤና ይስጥልኝ እንኳ አልደረስኩም።

«ይህ ተክል የማን ነው?» አልኳት።

ልጅቱ እኔንና እናቷን አየችና «ማሚ፣ ታውቂያታለሽ?» አለች።

«እንዴት አላውቃት፤ ሰረቀችኝ የምትለዋ ወርቅነሽ ናት» አለች አስካለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ «ያንቺ ነው» አለችኝ።

ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ይህ ነበር። ደጋግሜ አልሜዋለሁ፤ በሕልሜ ስታለቅስ ነበር የምትለው። አሁን ግን የገበያ ወረቀቷን እያጣጠፈች ነው ያለችው፤ ቀጥላም «ከቆሻሻ መጣያው ነው ያወጣሁት። ሰማያዊው ባልዲ፣ ሰባት ቁጥር ያለበት» አለች።

ከዚያ የነገረችኝን ቆሜ ሰማሁ። ዝናቡ መርጋት ሲጀምር ተክሉን በረንዳው ላይ ከታች አይታው፣ ላስገባው ብላ ወጥታ በሬን አንኳኩታለች፤ ተቆልፏል። ከቀናት በኋላ ቆሻሻ ልትጥል ስትሄድ ባልዲውን አገኘችው። ግንዱን በጥፍሯ ስትጭረው ከላይ ደረቅ ነው፣ ከሥሩ አጠገብ ግን ትንሽ እርጥበት ነበረው። የልብስ ማድረቂያው ሞቃት አየር ከግድግዳው በሚወጣበት ቦታ አስቀመጠችው። ውኃ አላበዛችበትም። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ፣ መጋቢትና ሚያዝያ አለፉ፣ ደረቅ እንጨት ነው። ግንቦት ላይ ከአፈሩ ሥር ወጣ።

«ታዲያ ለምን አላመጣሽልኝም?» አልኳት።

«አምጥቼልሽ ነበር እኮ። ባልዲውን ይዤ ደረጃውን እኩሌታ ወጥቻለሁ። ክርስትናው ላይ ያልሽው በዚያው ጠዋት ነበር የደረሰኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና አሰብኩት። ይዤ ብገባ፣ ይኸው ሌባዋ ራሷ መለሰች ትያለሽ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ተመልሼ ወረድኩ።»

«ውርጭ ነው የገደለው» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ወጣ።

«አልገደለውማ» አለችኝ።

ልጅቱ ስልኳን ትታ እኛን ታያለች። አስካለ፣ ምልክቱን ቀይሪውና የእሷን ስም አድርጊበት አለቻት። ቤቲ ደነገጠች። «ማሚ፣ ሁለት መቶ ፕሪንት አድርገናል እኮ፣ ላይክ፣ ሚስ ሩት ዋጋውን ሁሉ አጣብቃበታለች» አለች። ሚስ ሩት ሂሳብ መክፈያው ጋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ነጭ ጸጉሯ ውስጥ ዛሬም እርሳስ አለ። ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ ልጅቱ በእንግሊዝኛ አስረዳቻት። አሮጊቷ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ከዚያ ፊቷ በራ። «አዎ፣ አዎ፣ ጓደኛዋ» አለች።

ተዉት አልኩ። ምልክቷን ወደ ጣሳዋ መለስኩ፣ አሥራ ሁለት ዶላሬን ከፈልኩ። አስካለ ልክፈል አላለችም፤ ብትልም እምቢ እል ነበር። መኪና ማቆሚያው ላይ ስንለያይ፣ መሬት ላይ እንድተክለው፣ ማድረቂያው የሚተነፍስበት አካባቢ እንዲሆን፣ ውርጭ ሲመታው ጠቁሮ እንደሚደርቅ ነገረችኝ። «ከዚያ እጅሽን ሰብስቢ። እስከ ግንቦት እንዳትነቅዪው» አለች። ነገሩ ከልቧ ነው፤ ቢሆንም በዚያ ዕድሜዋ እንኳ የእኔን ተክል እኔን የምታስተምረኝ እሷ መሆኗ አንገበገበኝ። ዛሬም ያንገበግበኛል። እኔ በአራት ቀን የጣልኩትን እሷ አራት ወር መጠበቋ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፤ ብትሰርቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ውርጭ መታው። እንዳለችው ጠቆረ። ታኅሣሥና ጥር በመስኮት እያየሁት እጄን ሰበሰብኩ። የካቲት ላይ ነፋሱ ደረቁን እንጨት ሰባብሮ ወሰደው፤ ሥሩ የት እንዳለ የሚያሳየኝ የእሷ ስም ያለበት ነጭ ምልክት ብቻ ቀረ፤ ስለዚህ አልነቀልኩትም። አስካለ በየሳምንቱ ትደውላለች። የእሷ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ወጥቷል፤ ስንት ቅጠል እንዳለው ሁሉ ትነግረኛለች፣ ሳልጠይቃት።

የእኔ ማክሰኞ ወጣ። ከምልክቱ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ፣ ሁለት ቅጠል፣ ገና አቧራ ያልነካው። ተንበርክኬ አሸተትኩት። ትናንት ስትደውል «ወርቄ፣ ወጣልሽ?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት። ለጥቂት ቀን የእኔ ብቻ ይሁን።